የጥልቁ ባሕር ብጥበጣ፤ ዕውቀቱ እንዴት እንደ ተገኘ

«ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» የሚለው ምሳሌ ከንቱ ድካምን ለመንቀፍ የተነገረ ነው። ዘነዘና ይዞ ውሃ የሚወቅጥ ሰው የሚያገኘው ትርፍ የለምና ምሳሌው ስለ ሰው ሥራ እውነት ነው። ስለ ባሕር ግን እውነት አይደለም። ነፋስ ከላይ፥ የባሕር ሙላትና ጕድለት ከታች፥ ሌሊትና ቀን ሳያቋርጡ የውቅያኖስን ውሃ ይወቅጡታል፤ ብርዝ እንደሚበጠበጥ ይበጠብጡታል። ይህም ድካም ፍሬ አለው። ወደ ጥልቁ የሰጠመው ቀዝቃዛ ውሃ ተመልሶ ወደ ላይ የሚወጣው፥ በጨለማው ወለል የተከማቸው ምግብ ዓሣ ወዳለበት ብርሃን የሚደርሰው፥ ሙቀትም ከላይ ወደ ታች የሚወርደው በዚሁ ብጥበጣ ነው።

የሰው ልጅ ይህን ለማወቅ ከ300 ዓመት በላይ ደክሟል። የድካሙም አንድ ክፍል የተፈጸመው በሩቅ አገር ሳይሆን በአፍሪካ ቀንድ ደጃፍ፥ በባብ ኤል መንደብና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። መምህር ታሪኩን ከዚህ ደጃፍ ጀምሮ ቢያስተምር ለተማሪው ይቀርበዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

መርከበኞች ያወቁትና ያላወቁት

ሐርጌሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በታወቀው የሶማሌ ዘፋኝ ስም በተጠራው በመሐመድ ሞጌ ወረዳ የሚኖር ሕፃን ባሕርን በዓይኑ ሳያይ ሊያድግ ይችላል። ነገር ግን መንገዱን ይዞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ቢወርድ በርበራ ይደርሳል። የበርበራ ኑሮ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ በባሕር ነፋስ የሚመራ ነበረ። በአንደኛው መቶ ዓመት አንድ የግሪክ ነጋዴ በጻፈው የኤርትራ ባሕር የጕዞ መጽሐፍ ውስጥ ማላኦ የሚባለው ገበያ በርበራ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ። በ19ኛውም መቶ ዓመት ታላቁ የበርበራ ገበያ የሚቆመው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ድረስ ብቻ ነበረ። በዚያ ወራት የሐረርና የኦጋዴን ሲራራ ነጋዴዎች ግመላቸውን እየነዱ ይወርዳሉ፤ ከዐረብና ከህንድም ጀልባዎች ይመጣሉ። የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ሲነሣ ግን ጀልባው ሁሉ ሸራውን ዘርግቶ ይሄዳል፤ ገበያውም ይበተናል።

በ15ኛው መቶ ዓመት የኖረው ዐረባዊ መርከበኛ አሕመድ ኢብን ማጂድ የእነዚህን ነፋሶች ወራት በጽሑፍ አስቀምጧል። ስለዚህ በዚህ ባሕር ዳር የኖረ ሕዝብ ስለ ነፋስና ስለ ባሕር ፊት የነበረው ዕውቀት የሚናቅ አልነበረም። ይሁን እንጂ ዕውቀቱ ሁሉ የባሕሩን ፊት ብቻ የሚመለከት ነበረ። ከዚያ በታች ያለው ውሃ ይሂድ ይቁም፥ ይሙቅ ይቀዝቅዝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይህ አለማወቅ ደግሞ የአንድ አገር ሕዝብ ብቻ ሳይሆን የዓለም ሁሉ ነበረ።

ሳጥኑና ባልዲው

የመጀመሪያው ብርሃን የፈነጠቀው በሌላ ጠባብ የባሕር በር ነው። ሉዊጂ ፈርዲናንዶ ማርሲሊ የተባለ የቦሎኛ ወጣት በ1679 በ21 ዓመቱ ወደ ቁስጥንጥንያ ሄደ። በቦስፎር ሰርጥ ላይኛው ውሃ ከጥቁር ባሕር ወደ ሜዲትራንያን ሲወርድ፥ ታችኛው ውሃ ግን ወደ ኋላ እንደሚመለስ የአገሩ ዓሣ አጥማጆች ነገሩት። ማርሲሊም ይህን ነገር እንደ ተረት አልናቀውም፤ ገመድ ወደ ባሕሩ ጥሎ ራሱ አረጋገጠው። ቀጥሎም ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ሳጥን አሠራ፤ መካከሉን በግድግዳ ከፍሎ በአንዱ ወገን ጨው ያለበትን ከባድ ውሃ፥ በሌላው ወገን ቀላሉን ውሃ ሞላ። በግድግዳው ላይና ታች የነበሩትን ሁለት ቀዳዳዎች ሲከፍት ከባዱ ውሃ በታችኛው ቀዳዳ፥ ቀላሉ ውሃ በላይኛው ቀዳዳ በተቃራኒ መንገድ ሄዱ። ማርሲሊ ይህን ሥራውን በ1681 በሮም አሳትሞ ለስዊድን ንግሥት ለክሪስቲና አበረከተ። የክብደት ልዩነት ብቻ ባሕርን ሊያንቀሳቅስ እንደሚችል የታወቀው በዚህ ሳጥን ነው።

ሁለተኛው ብርሃን የመጣው ከሚያሳዝን ቦታ ነው። በ1751 ሄንሪ ኤሊስ የተባለ የእንግሊዝ የባሪያ ንግድ መርከብ አዛዥ በሞቃታማው የአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ሳለ መዝጊያ የተሠራለት ባልዲ ከነቴርሞሜትሩ በገመድ አወረደ። በባሕሩ ፊት ላይ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል የነበረው ሙቀት ከ1,000 ሜትር በታች ወደ 12 ዲግሪ ወርዶ ተገኘ። ኤሊስ በዚህ ቀዝቃዛ ውሃ ገላውን ይታጠብበት፥ ወይኑንም ያቀዘቅዝበት ነበረ። በዚያው መርከብ ሰውን እንደ ዕቃ የሚጭን ሰው ያመጣው ዕውቀት መሆኑ የታሪኩ መራራ ክፍል ነው፤ ዕውቀቱ ግን እውነት ሆኖ ቀረ። ፀሐይ ሁልጊዜ በምታቃጥለው አገር ከባሕሩ በታች ይህን የሚያህል ቅዝቃዜ ከወዴት መጣ? በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ካውንት ራምፎርድ በሚል ማዕርግ የታወቀው ቤንጃሚን ቶምሰን፥ ቅዝቃዜው ከዋልታዎች አካባቢ ሰጥሞ ወለል ለወለል የመጣ ውሃ መሆን አለበት ሲል መልስ ሰጠ።

የሁለት ሰዎች ክርክር

የራምፎርድ መልስ ግን ቶሎ አልተያዘም። ኤድዋርድ ፎርብስ በ1843 ከ550 ሜትር ያህል ጥልቀት በታች ሕይወት የለም ብሎ አስተማረ፤ ብዙ ሰዎችም ጥልቁን የሞተና የማይንቀሳቀስ ውሃ አድርገው ይቈጥሩት ጀመር። በ1869 ፖርኪዩፓይን የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነ ጥልቀት ሕይወት ያላቸውን ፍጥረታት ባወጣች ጊዜ ትምህርቱ ፈረሰ። በዚያ ጥልቀት የሚተነፍስ ፍጥረት ካለ አየር ያለበት ውሃ ከላይ የሚወርድበት መንገድ ሊኖር ግድ ነው።

ከዚያ በኋላ በሁለት ሰዎች መካከል ታላቅ ክርክር ተነሣ። ሐኪሙ ዊልያም ካርፔንተር ባሕርን የሚያንቀሳቅሰው የሙቀትና የቅዝቃዜ ልዩነት ነው አለ። ጄምስ ክሮል ግን ኀይሉ የነፋስ ነው ብሎ ተከራከረ። ክሮል ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገብቶ የማያውቅ፥ በግላስጎ ከተማ በአንድ ኮሌጅ ቤተ መዘክር በጥበቃ ሥራ ተቀጥሮ በትርፍ ጊዜው ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ነበረ። በ1872 የተነሣችው ቻሌንጀር የተባለችው መርከብ እስከ 1876 ድረስ ዓለምን ዞራ የብዙ ቦታዎችን ጥልቀትና ሙቀት ለካች፤ ክርክሩን ግን አልፈታችውም። የኤደንን ባሕረ ሰላጤና የዐረብን ባሕርም ሳትጐበኝ አለፈች።

በ1908 የስዊድኑ ሊቅ ዮሐን ሳንድስትሮም አንድ ከባድ ጥያቄ አቀረበ። ድስት በምድጃ ላይ ሲጣድ እሳቱ ከሥር ስለ ሆነ የሞቀው ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፥ የቀዘቀዘው ይወርዳል፥ ውሃውም ይዞራል። እሳቱ ከድስቱ ክዳን በላይ ቢሆን ግን የላይኛው ውሃ ብቻ ይሞቃል፤ የታችኛው ቀዝቅዞ ይተኛል። ውቅያኖስም እንዲሁ የሚሞቀው ከላይ ነው። ስለዚህ ሙቀትን ወደ ታች የሚያደርስ ሌላ ኀይል ከሌለ በቀር፥ ከዋልታ የሚሰጥመው ውሃ ጥልቁን ሞልቶ ዝም ብሎ መቅረት ነበረበት። ማር በውሃ ዕቃ ሥር ተኝቶ የሚበጠብጠው ሰው እንደሚጠብቅ፥ ጥልቁም የሚበጠብጠው ኀይል ያስፈልገዋል ማለት ነው። ከእንግዲህ ወዲህ ጥያቄው «ውሃው ለምን ይሰጥማል?» መሆኑ ቀርቶ «የሰጠመውን ማን ያወጣዋል?» የሚል ሆነ።

የባሕር ደፍ

የቀይ ባሕር ጠባይ ለዚህ ጥያቄ የተለየ ምስክር ነው። ቀይ ባሕር ሁልጊዜ የሚፈስስበት ወንዝ የለውም፤ ዝናቡም ጥቂት ነው። ከፊቱ በየዓመቱ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ውሃ በትነት ይሄዳል። ጐድሎ የማይደርቀው ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በባብ ኤል መንደብ በኩል ውሃ ስለሚገባለት ነው። አሜሪካዊው ማቲው ሞሪ በ1855 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን በማሰብ ብቻ መረመረ። ገቢው ውሃ ጨው ይዞ ይገባል፥ ትነቱ ግን ጨውን ትቶ ይሄዳል፤ እንግዲያው ጨዋማው ከባድ ውሃ ከሥር የሚወጣበት መንገድ ባይኖር ኖሮ ቀይ ባሕር በዘመናት ብዛት የጨው ጕድጓድ በሆነ ነበር አለ።

ሞሪ ያሰበውን በመሣሪያ መለካት ጊዜ ወሰደ። በ1923 እና በ1924 አሚራልዮ ማኛጊ የተባለችው የኢጣልያ ባሕር ኀይል መርከብ፥ ሊቁን ፍራንቼስኮ ቬርቼሊን ይዛ በባብ ኤል መንደብ የውሃውን ፍሰት በየጥልቀቱ ለካች። ከጠባቡ በር ወደ ሰሜን ምዕራብ፥ በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ፥ የባሕሩ ወለል ከፍ ብሎ እንደ ቤት ደፍ ያለ ግድብ ሠርቷል። በዚህ ደፍ ላይ ያለው ጥልቀት 137 ሜትር ያህል ብቻ ነው። የውቅያኖሱ ቀዝቃዛ ጥልቅ ውሃ ደፉን ተሻግሮ ሊገባ ስለማይችል፥ ቀይ ባሕር ከ2,000 ሜትር በታች እንኳ 21 ዲግሪ ተኩል ያህል ሙቀት አለው። በውቅያኖስ ግን በዚያው ጥልቀት ያለው ውሃ እጅግ ቀዝቃዛ ነው። አንድ ደፍ ሁለት ዓለም ለየ።

ከዚህ በኋላ ከአፍሪካ የተነሣች መርከብ በታሪኩ ውስጥ ትገባለች። መባሒስ የተባለችው የግብጽ መርከብ በመስከረም 1933 ከእስክንድርያ ተነሥታ እስከ ግንቦት 1934 ድረስ በቀይ ባሕር፥ በኤደን ባሕረ ሰላጤና በዐረብ ባሕር ዞረች። የጥናቱ መሪ እንግሊዛዊው ሲይሞር ሲዌል ቢሆንም፥ ከሊቃውንቱ መካከል ሑሴን ፋውዚና ዐብደል ፈታሕ መሐመድ የተባሉ ግብጻውያን ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በዐረብ ባሕር መካከለኛ ጥልቀት የሚገኘው ውሃ የሚተነፈስ አየር እጅግ ያነሰው መሆኑን አገኙ። ከ1959 እስከ 1965 ድረስ ደግሞ በዓለም አቀፍ የህንድ ውቅያኖስ ጥናት ወደ 40 የሚጠጉ የልዩ ልዩ መንግሥታት መርከቦች ተሰማሩ። በ1964 ክረምት ዲስከቨሪና አርጎ የተባሉት መርከቦች በሶማሌ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚሄደውን የባሕር ፍሰት ሲለኩ በሴኮንድ እስከ 3 ሜትር ተኩል የሚደርስ ፍጥነት አገኙ። ይህ ፍሰት ነፋሱ በሚዞርበት ወራት አብሮ የሚዞር ነው።

የሙንክ ስሌትና የጐደለው ብጥበጣ

ከቪየና ተወልዶ በካሊፎርኒያ የኖረው ዋልተር ሙንክ በ1966 ለሳንድስትሮም ጥያቄ የቍጥር መልስ ሰጠ። ጥልቁ ውሃ በቀን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ እየወጣ፥ ከላይ ደግሞ ብጥበጣ ሙቀትን እያወረደለት ሚዛኑን ይጠብቃል አለ። ይህ እንዲሆን የሚያስፈልገውን የብጥበጣ መጠንም አሰላ። ነገር ግን የተራቀቁ መሣሪያዎች ወደ ጥልቁ በወረዱ ጊዜ ብጥበጣው ከስሌቱ አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። በ1992 በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ቅመም ተጨምሮ መስፋፋቱ ሲለካ የተገኘውም ይኸው ትንሽ ቍጥር ነው። የቀረው ብጥበጣ ወዴት ሄደ?

መልሱ የተገኘው ከወለሉ ነው። በ1996 እና በ1997 በብራዚል ፊት ለፊት ባለው የአትላንቲክ ጥልቅ በተደረገው ጥናት፥ ለስላሳ በሆነው ወለል ላይ ውሃው ጸጥ ያለ ሲሆን በባሕር ውስጥ ተራሮች ላይ ግን እጅግ የተናወጠ ሆኖ ታየ። የባሕር ሙላትና ጕድለት ውሃውን በተራራና በሸለቆ ላይ ሲያመላልሰው ከባሕሩ በታች ማዕበል ይነሣል፤ ማዕበሉም ሲሰበር ውሃውን ይበጠብጠዋል። በ1998 ሙንክና ካርል ዉንሽ ለዚህ ሥራ 2 ሚልዮን ሜጋ ዋት ያህል ኀይል እንደሚያስፈልግ፥ ከዚህም ግማሹን ያህል ነፋስ፥ ግማሹን ያህል የባሕር ሙላትና ጕድለት ሊሰጡ እንደሚችሉ ጻፉ። ይህ ኀይል ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በሙሉ አቅሙ ሊያመነጭ ከሚችለው 400 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ካርፔንተርም ክሮልም እያንዳንዳቸው የእውነቱን ግማሽ ይዘው ነበር፤ ቅዝቃዜ ያሰጥማል፥ ብጥበጣ ያወጣል። ኋላም በደቡብ ዋልታ ዙሪያ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ከጥልቁ ውሃ ብዙውን ስቦ እንደሚያወጣ ታውቋል። ሙንክ በ2019 በ101 ዓመቱ ዐረፈ። በ2021 በአየርላንድ አጠገብ በባሕር ውስጥ ሸለቆ የተለቀቀ ቀለም በቀን ወደ 100 ሜትር የሚጠጋ ሽቅብ መውጣቱ በ2024 ታትሞ ሲወጣ፥ ሙንክ በአማካይ ያሰላው ቀስተኛ ጕዞ በአንዳንድ ሸለቆዎች ውስጥ ሩጫ እንደሚሆን ተረጋገጠ።

በኤደን ባሕረ ሰላጤ የተገኘው

ስቲቨን መሪና ዊልያም ጆንስ በ1995 እና በ1996 በባብ ኤል መንደብ መሣሪያ አስቀምጠው ወራቱን ሙሉ ለኩ። በበጋ፥ በየካቲት አካባቢ፥ ከቀይ ባሕር ከሥር የሚወጣው ጨዋማ ውሃ በሴኮንድ 600,000 ሜትር ኩብ ያህል ነው። «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባላል፤ ይህ ከባሕር በታች የተሰወረ ወንዝ ግን ከጥቁር ዓባይ የዓመት አማካይ ፍሰት 400 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በክረምት ነፋሱ ሲዞር ወደ 50,000 ሜትር ኩብ ይወርዳል፤ በዚያ ጊዜ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ቀዝቃዛ ውሃ በመካከል ገብቶ ፍሰቱ ሦስት ድርብ ይሆናል። የበርበራን ገበያ ያቆምና ይበትን የነበረው ነፋስ የጥልቁንም በር ይከፍትና ይዘጋ እንደ ነበር በዚህ ታወቀ።

በ2001 ኤሚ ባወር፥ ዊልያም ጆንስና ሃርትሙት ፒተርስ የመሩት ጥናት በየካቲትና በመጋቢት፥ እንደገናም በነሐሴና በመስከረም በዚሁ ባሕረ ሰላጤ ተደረገ። ባወር የዓይኗን ብርሃን እያጣች የሄደች፥ ሥራዋን ግን ያልተወች ሊቅ ናት። ከደፉ የተሻገረው ከባድ ውሃ በሁለት የባሕር ውስጥ ቦዮች ቍልቍል ወደ ታጁራ ሸለቆ ይወርዳል። ብቻውን ቢወርድ ክብደቱ ወደ ወለሉ ባወረደው ነበር። ነገር ግን ሲሮጥ ይናወጣል፤ ሲናወጥ ከጐኑ ያለውን ቀላል ውሃ ይጨምርበታል፤ ክብደቱም እየቀነሰ ይሄዳል። በመጨረሻም አብዛኛው ከ400 እስከ 800 ሜትር ባለው ጥልቀት ተንሳፎ ይቆማል። ከዚያ በታላላቅ የውሃ ሽክርክሪት እየተወሰደ ወደ ህንድ ውቅያኖስ ይገባል፤ ምልክቱም እስከ አፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ድረስ ታይቷል። እንግዲህ አንድ ውሃ ምን ያህል ጥልቀት እንደሚደርስ የሚወስነው ክብደቱ ብቻ ሳይሆን በመንገዱ የሚያገኘው ብጥበጣም ነው።

ይህ ዕውቀት ለባሕሩ ዳርቻ ሕዝብ የኑሮ ጕዳይ ነው። በክረምት የደቡብ ምዕራብ ነፋስ በሶማሌ ምሥራቃዊ ዳርቻ፥ በራስ ሐፉን አጠገብ፥ የላይኛውን ውሃ ሲገፋው ቀዝቃዛው ውሃ ከሥር ይወጣል፤ ከዚያም ጋር የዓሣ መኖ የሚያበቅለው ምግብ ይወጣል። ቅዝቃዜው ትነቱን ስለሚቀንሰው ደግሞ ለዳርቻው ድርቀት አንዱ ምክንያት ይሆናል። በሰው ሥራ ምክንያት በምድር ላይ ከተጨመረው ሙቀት ከመቶው 90 እጅ የሚበልጠውን የተቀበለው ውቅያኖስ ነው። ከላይ ያለው ውሃ ይበልጥ ሲሞቅ ይበልጥ ይቀላል፤ ከታችኛው ጋር ለመደባለቅም ይበልጥ ያስቸግራል። መደባለቁ ሲቀንስ ዓሣ ምግቡን፥ ጥልቁም አየሩን ያጣል። ይህን ለመከታተል መለኪያ ያስፈልጋል፤ ሆኖም ከ2000ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ የባሕር ወንበዴዎች ስለ በዙ የምርምር መርከቦች ለብዙ ጊዜ ከዚህ ባሕር ርቀው ነበር። በ2015 ሁለተኛው ዓለም አቀፍ የህንድ ውቅያኖስ ጥናት ሲከፈት በዚህ ወገን ገና ብዙ ሥራ ይጠብቀው ነበር።

የመምህሩ ድርሻ

ከላይ የተነገረው ታሪክ የሚያሳየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ ተረጋገጠ የተባለ ትምህርት ሁሉ በመለካት የሚፈተን መሆኑ ነው፤ የፎርብስ የሞተ ጥልቅ በአንዲት መርከብ ወጥመድ ፈረሰ፥ የሙንክ ስሌትም በራሱ ደቀ መዛሙርት መሣሪያ ተፈተነ። ሁለተኛው፥ የባብ ኤል መንደብን ውሃ የለኩት መርከቦች አብዛኞቹ ከሩቅ የመጡ መሆናቸው ነው። የመባሒስ ግብጻውያን ግን ሥራው ለአፍሪካ ልጆች የተከለከለ አለመሆኑን በ1933 አሳይተዋል።

መርከብ የሌለው ትምህርት ቤት ሁሉ የማርሲሊን ሳጥን ሊሠራ ይችላል። የሚያስፈልገው የመስተዋት ዕቃ፥ ሁለት ቀዳዳ ያለው መክፈያ፥ ጨውና ጥቂት ቀለም ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መምህሩ ሌላ ዕቃ ወስዶ ቀለም የገባበትን ጨዋማ ውሃ ከሥር፥ ንጹሑን ውሃ በቀስታ ከላይ ያኑር። ተማሪዎቹ በማግሥቱ ሲመጡ ሁለቱ ውሃዎች ለየብቻ እንደ ተኙ ያገኟቸዋል። መክፈያውን ሲያነሡ በራሱ የሄደው ውሃ እዚህ በራሱ አልሄደም። አንድ ተማሪ ማንኪያ ይዞ ያማስለው፤ ምን ያህል ጊዜ ካማሰለ በኋላ ቀለሙ ከሥር እስከ ላይ አንድ እንደሚሆንም ሌሎቹ ይቍጠሩ። ነፋስና የባሕር ሙላትና ጕድለት በውቅያኖስ የሚሠሩት ሥራ ይኸው ነው። በመሐመድ ሞጌም ሆነ በደብረ ብርሃን፥ ባሕርን አይቶ የማያውቅ ሕፃን ይህን በገዛ እጁ ካየ፥ «ውሃው ለምን ሰጠመ?» ብቻ ሳይሆን «ማን አወጣው?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል።